እረፉ ተብለን

ግንቦት 3
ጸጉር ቤት ዋልኩ። ሦስት ሰው ቆረጥኩ፣ አንዱን አበላሸሁት። ሐሳቤ የት ነበር? አሰልጣኙ "ከዛሬ ጀምሮ ልምምድ በግማሽ፣ እስከ ውድድሩ እረፉ" አለን። ለእሱ ቀላል ነው። እህቴ ማረፍ መቼ ታውቃለች? ዓይኗ ማየት ካቆመ ወዲህ ቀልቧ የሚሰበሰበው ስትሮጥ ብቻ ነው። የምትሮጠው ደግሞ ከእኔ ጋር፣ በአጭር ገመድ እጅ ለእጅ ታስረን። የመጀመሪያ ማራቶኗ ነው...

ግንቦት 6
መጋረጃ አውርዳ አጠበች። ንጹሑን!
"እህትዓለም፣ እባክሽ ቁጭ በይ።"
"አንተ ቁጭ በል፣ ሽማግሌ።"
ልረዳት ስነሳ ግራ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሳንሮጥ? ምንም አይደለም።

ግንቦት 8
ምንም አይደለም ያልኩት ብሶበታል። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው። ወጌሻው ጫን ጫን አድርጎ አየውና "ትራመድበታለህ፤ ማራቶኑን ግን እርሳው" አለኝ።
እንዴት ብዬ ልንገራት?

ግንቦት 10
ቀለል ያለ ሩጫ ነበረን። ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ። አንዴም አላነከስኩም... ይመስለኛል። ስናቆም ገመዱን አልፈታችም።
"የቱ እግርህ ነው?"
"ምኑ?"
"አታሞኘኝ። ግራው ነው አይደል?"
እንባዬ መጣ። ከመቼ ጀምሮ አለችኝ፣ ነገርኳት።
"ዝም ብለህ ገደል ልትከተኝ ነበር?"


ግንቦት 11
አሰልጣኙ በእኔ ቦታ ከእኛ ጋር ማራቶን የሚለማመደውን ጎረቤታችንን መካኒኩን አመጣ። ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይለዋል፣ አፉ አይዘጋም። እየሮጡ ማውራት ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ለእህቴ ስንቴ ነግሬያታለሁ! ሲለማመዱ አጥር ተደግፌ አየሁ። "ጉድጓድ!" ብዬ ጮህኩ። ለካ ቀድሞ ነግሯታል።

ግንቦት 14
ነገ ነው። ለመጨረሻው ልምምድ ስትወጣ ጫማዋን ላስርላት ጎንበስ አልኩ።
"ተው፣ ራሴ አስራለሁ።"
"ፈርተሻል?"
"አዎ። አንተስ?"
"እኔ ምን አገባኝ? አልሮጥ።"
"ትሮጣለህ ወይ አላልኩህም።"

ግንቦት 15
መጨረሻው አካባቢ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እግሬ ይጠዘጥዛል፣ ልቤ ከእሱ ይብሳል። መጡ። ልጠራት አፌን ከፈትኩ... ድምፄን ሰምታ ብትደናገጥስ? ዋጥኩት።
ሬዲዮ እንደ ልማዱ ይለፈልፋል። እሷ ላብ በላብ ሆና፣ ከት ብላ እየሳቀች በአጠገቤ አለፈች።
ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስሮጥ፣ ስትሮጥ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር።