የግራ እጅሽ ግማሽ

ይድረስ ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ላልራቅሽው ዋርሳዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርሽ ጉሮሮሽ ዘንድሮ ተወሽ ወይስ አሁንም በሻርፕ ተጠቅልለሽ ነው የምትውይው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በስተቀር ሁሉ ነገሯ ደህና ነው። ጉልበቷ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ስለሚነግረን፣ ከሬዲዮው ይልቅ እሱን ነው የምናምነው። እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ። ፋርማሲው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ ከምግብ በኋላ ውሰዱ እያልኩ የራሴን ምሳ ረስቼ እውላለሁ።

የምጽፍልሽ በየበዓሉ አንዱን ግማሽ እኔ፣ ሌላውን አንቺ ሠርተን ስለምናጋጥመው የድስት ማስቀመጫ ነው። ለዚህ ብላ ነው እንዴ ወረቀት ያበላሸችው ብለሽ ብትስቂ አልቀየምም፤ መሳቅሽን ነው የምፈልገው።

በዓሉ እየተቃረበ ነው፤ ያንቺ ግማሽ ግን አልመጣም። ባልሽ ወንድሜ ከሞተ በኋላ፣ አንቺም ለሥራ ወደዚያኛው ከተማ ከሄድሽ በኋላ እንኳን አንድም በዓል ቀርቶብን አያውቅም ነበር። በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ያንን የምትወጂውን የልብስ ሳሙና እየሸተተ ይመጣልናል። አብሮት ደብዳቤ ባይኖርም ለእኛ ሰላምታሽ እሱ ነበር። ዘንድሮ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ዕቃ ተቀባዩ ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

እማዬ ከሰዓት በኋላ እየወጣች በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው ትላለች፤ ፀሐዩ ግን በዚያን ሰዓት በጓሮ በኩል ነው።

እኔም እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለቱንም ግማሽ ራሴ ልሥራው አልኩ። ወፍራሙን የጥጥ ክር ገዛሁ። የናይሎኑ በዋጋ ይረክሳል፣ ግን የጋለ ድስት ሲያርፍበት ይቀልጣል፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከመሃል ጀምሬ በኪሮሽ መርፌ ዙሩን እያሰፋሁ፣ ክሩን ደራርቤ በአንድ ቀዳዳ እየሳብኩ እነዚያን እንቡጥ የምንላቸውን እብጠቶች አወጣሁ። አንዱን ጨረስኩ፣ ሁለተኛውንም ጨረስኩ፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥሜ ሰፋሁት። ሲያዩት ያምራል። ከዚያ የሾርባውን ድስት አወጣሁና አስቀመጥኩበት። ድስቱ ትንሽ አሰበ፣ ዘንበል አለ፣ ሾርባውም በጠረጴዛ ልብሱ ላይ እስከ እማዬ ጭን ድረስ ሄደ። ደግነቱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። እማዬ ቀሚሷን እያራገፈች፣ ይኼ የሁለት ቀኝ እጅ ሥራ ነው አለች።

እኔ ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የእኔ እንቡጦች ከመሃል ሲወጡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እየዞሩ ነው የሚሰለፉት። አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ ያንቺ ወደ ሌላው ጎን ይዞራሉ። ጀርባ ለጀርባ ሲጋጠሙ ያንቺ እንቡጥ በትክክል ከእኔ እንቡጥ ሥር ይውላል፣ ድስቱም እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ሁለት የእኔ ግማሾች ግን አይገናኙም፤ አንዱ እንቡጥ በሌላው ክፍተት ላይ እየወደቀ ይወላገዳል። ወንድሜ ግራዬ እያለ ሲጠራሽ፣ እኔ እኮ ሲያበሽቅሽ ነበር የሚመስለኝ።

ትዝ ይልሻል እዚያ የማድ ቤቱ መስኮት ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ? ውጪ ይዘንባል፣ መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል፣ የእኔ ቀኝ እጅ ሲነሳ ያንቺ ግራ ይነሳል። ወንድሜ የመኪና ቅባቱን ሳይታጠብ በር ላይ ቆሞ ያየናል፤ አንዷ ሴት መስታወት ፊት የተቀመጠች ትመስላላችሁ ይለን ነበር። አንዳንድ ጊዜ ፋርማሲው ሰው ሲያጣ ዓይኔን ጨፍኜ ወደዚያ ጠረጴዛ እመለሳለሁ። ክሩ በጣቴ ሲሳብ ይሰማኛል። ከዚያ ደንበኛ ይመጣና የራስ ምታት መድኃኒት ይጠይቀኛል።

ከሾርባው በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። እማዬ የወንድሜን የመላጫ መስታወት ከጓዳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቁማዋለች። እኔ ከሠራኋቸው ግማሾች አንዱን ተርትራ ለይታ ፊት ለፊቱ አስደግፋለች። መርፌውን በግራ እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል ትሠራለች። የምትገባው ፀሐይ በመስታወቱ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ትወዛወዛለች። ተጠግቼ አየሁ፤ እውነትም በመስታወቱ ውስጥ የእኔ ግማሽ ያንቺን ሆኗል። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ለአፍታ ያህል በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ አንቺ ያለሽ፣ ወንድሜም ከኋላዬ በሩ ላይ የቆመ መሰለኝ፤ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ዞር ሳልል ቆየሁ። እማዬም ስንት ዙር እንደሠራች በሹክሹክታ ትቆጥር ነበር፤ አላየችኝም።

የሠራችውማ ምኑ ይወራል። ጠብቆ ጠብቆ እንደ ጡጫ ተጨብጧል፤ ሲኒ እንኳ አያስቀምጥም። ራሷም ስታየው ሳቀች። ይኼ እጅ ዕድሜውን ሙሉ ቦዝኖ ኖሮ አሁን ሥራ ቢሉት እሺ ይላል እንዴ፣ ይኼ የልጄ ሥራ ነው አለች። ልጄ ያለችው አንቺን ነው። ከዚያ መርፌውን አስቀምጣ፣ ረስታን አይደለም፣ አፍራን ነው አለች። ምን የሚያሳፍር ነገር አለ ብዬ ብጠይቃት መስታወቱን ጠርጋ ወደ ጓዳ መለሰችው።

በሳምንቱ ፋርማሲው መድኃኒት እንዳመጣ ወደ እናንተ ከተማ ላከኝ። ሥራዬን ስጨርስ ቤትሽን አፈላልጌ ልመጣ ነበር። ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በር ላይ ተጠለልኩ። ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አየሁሽ። ጨርቁን በክንድሽ እየለካሽ ትስቂ ነበር። ከዚያ ከአንድ ረዘም ያለ ሰው ጋር ወጣችሁ። ሰውየው ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ ወደ አንቺ አዘንብሎ፣ የራሱን አንድ ትከሻ ዝናቡ ሲደበድበው የታወቀውም አይመስልም ነበር።

አልጠራሁሽም። ልቤ ስንጥቅ አለ፤ መጀመሪያ ለወንድሜ። ያ ሳቅሽ ከእሱ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበርና። ቀጥሎ ግን ሳቁ እንዳለ ሳየው ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አለቀስኩ። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ወንበር ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ለእማዬ አላገኘኋትም አልኳት። አየት አደረገችኝና፣ አፍሽ ነው እንጂ ያላገኛት ዓይንሽስ አግኝቷታል አለች። እራታችንን በላን፣ ስለ ጉልበቷ ተጨዋወትን፣ ተኛን።

በማግሥቱ ጠዋት የተረፈኝን ክር በሙሉ ወሰደችብኝ። በለመደችው በቀኝ እጇ፣ ከዚህ ጥቅል ውስጥ የምታገኚውን ግማሽ ሠራች። ለእኛ ማድ ቤት እንዳይመስልሽ፣ ለአንቺው ማድ ቤት ነው። ያንቺን ግማሽ ሠርተሽ ከጀርባው ታጋጥሚዋለሽ። ጫፉ ላይ ያለውን ረጅም ክር ረስታው አይደለም፤ መስፊያ እንዲሆንሽ ብላ ነው ያልቆረጠችው፣ ዙሪያውን በደንብ ያዳርስልሻል። እንቡጦቹን እንዳታላያቸው፣ ጠበቅ አድርጊያቸው ብላሻለች። እኔም እንደዚያው እልሻለሁ፤ ድስት የማይሸከም እንቡጥ ምን እንደሚያመጣ የእማዬ ቀሚስ ምስክር ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እየሠራች ሳለ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ለብቻ ለሚያበስል ሰው የሚበቃው ዙር ላይ ስትደርስ እጄን ለመቀስ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም፤ ቀጠለች። እማዬ ይኼ እኮ ለትንሽ ድስት በጣም ሰፋ አልኳት። ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ፣

«ትንሽ ድስት ነው ያልኩሽ እኔ?» አለችኝ።

እኔም መቀሱን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

እንግዲህ ለእኛ ማድ ቤት የሚሆነውን ግማሽሽን ዘንድሮ በአውቶቡስ እንዳትልኪው። ይዘሽው ነይ። የእኔ ግማሽ ተሠርቶ ይጠብቅሻል፣ ወንበርሽም መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ እማዬ ዕቃ ከላዩ ላይ አንስታ ወልውላዋለች። ጉልበቷ እንደሚለው ከሆነ በዓሉ ሰሞን ዝናብ አይጠፋም። ጃንጥላ የሚይዝልሽ ሰው ካለ እሱም ይምጣ፤ ትከሻው እስኪደርቅ ምድጃው አጠገብ እናስቀምጠዋለን።

ጉሮሮሽን ጠብቂ። እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ያኑርልኝ፣ ቤቷን የሞቀ ያድርግላት ብላሻለች። እኔም አሜን ብያለሁ። በሰላም ያገናኘን።

ዋርሳሽ ብዬ ልፈርም ስል እማዬ ከጀርባዬ አይታ፣ እሱን ተይው አለችኝ። ስለዚህ፣

እህትሽ ነኝ።