የባባ ሳንቲም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሉልሰገድ፤

ሰላምታዬን ሳላደርስ ወሬ መጀመሬን ታገሰኝና፣ ጎረቤታችን እትዬ ምብራት ጥርስ አስተከሉ! የልጅ ልጃቸው ዊንታ ሥራ ስትይዝ መጀመሪያ ያደረገችላቸው ይህንን ነው። ስኳራቸውም ረገብ ብሎላቸዋል። አሁን ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው አይሸፍኑም።

አንተስ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ኤሌኒስ ደህና ናት? ልጅህ ሐሴትስ አደገች? የአቴንስ ሙቀት አልበረታባችሁም? እኛ ክረምቱ ጭቃ በጭቃ ቢያደርገንም ተመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስትሄድ የአባታችንን የባባን ሳንቲም ከመሳቢያው ይዘህ መውጣትህን፣ ከዚያ ወዲያ እሱን ቀና ብለህ ማየት አፍረህ ሃያ ስምንት ዓመት መቅረትህን ጽፈህልኛል። ወይ አንተ ልጅ! ለዚህ ነው?

ትዝ ይልህ የለ፣ ባባ በአገሩ በግሪኮች ደንብ ሳንቲም የተጋገረበት ዳቦ ቆርሶ አዲስ ዓመቱን በታኅሣሥ ሊያከብር ሲነሳ እማዬ ምን እንዳለችው። «በነቢያት ጾም መሀል ቅቤና እንቁላል ያለበት ዳቦ አልጋግርም፤ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም ነው።» በመጨረሻ የእሱ ሳንቲም በእሷ የእንቁጣጣሽ ድፎ ውስጥ እንዲገባ ተስማሙ። ሳንቲሙ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ ይቀናዋል ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ባባ አንዱን ቁራሽ «ይሄ የክርስቶስ ነው፣ አይበላም» ብሎ ለብቻው አስቀመጠ። እማዬ ደግሞ፣ የክርስቶስ ከሆነማ የካህን ነው ብላ ለንስሐ አባታችን ለአባ አጽብሐ ሰጠቻቸው። ሲነክሱት ጥርሳቸው ቀጭ አለ! አባም ሳንቲሙን ካፋቸው አውጥተው አገላብጠው አዩና፣ «ሙሉነሽ፣ ምጽዋት በእጅ ነው እንጂ በጥርስ አይሰጥም» አሉ። እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ገባች። ባባ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሌላው ዓመት ደግሞ የእትዬ ምብራት መንጋጋ ሄደች።

የሰፈራችን የእሪ በከንቱ ልጆች «ፈረንጁ» ሲሉህ፣ የግሪኮቹ ልጆች «ሐበሻው» ሲሉህ እያለቀስክ ትገባ ነበር። እኔስ ብሆን? ጸጉሬ ለእማዬ ሹሩባ ያዳልጣል፣ የባባን ማበጠሪያ ደግሞ ይሰብራል። በዚያች ዳቦ ዙሪያ ግን ባባ «ሉካስ»፣ እማዬ «ሉልሰገድ» ብለው ሲጠሩህ፣ «እኔ ሁለት ሰው ነኝ» ብለህ ሁለት ቁራሽ ትወስድ ነበር። ማንም አልከለከለህም።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ባባ ሳንቲሙን ስትወስድ አይቶሃል። ሊያርፍ ሰሞን ነው የነገረኝ፤ ከሰዓት መጠገኛው ጠረጴዛ ቀና ሲል በመስታወቱ አየህና ተመልሶ ሥራው ላይ አጎነበሰ። «እዚያ የሚቆርስለት ቢያጣ ድርሻው ኪሱ ውስጥ ይኑር» ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሳንቲም አላስገባም። እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ በየእንቁጣጣሹ «አንድ ልጨምር?» ስትለው፣ «የዘንድሮው ለሉካስ ደርሷል» ይላት ነበር። በየዓመቱ። አንተ ሳታነሳው እኔ ማንሳቱ ከብዶኝ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ቤታችን ለልማት ይነሳል ተብለን ከመስቀል በኋላ እንለቃለን። በዚያ ቤት የምንቆርሰው የመጨረሻው ድፎ የመጪው እንቁጣጣሽ ነው። ኤሌኒንና ሐሴትን ይዘህ ና።

ባለቤቴ ሙዓዝ «ሰበብ አልቋል፣ ይምጣ» ብሎሃል። ልጄ ቃለአብ አጎቴን ሳሚልኝ ይላል። ኤሌኒን እቀፍልኝ፣ ሐሴትን ግንባሯን ሳምልኝ።

ይህን ጽፌ ሳጥፍ እትዬ ምብራት ለዝናቡ ጆንያ ደርበው ገቡ። ለአንተ እንደምጽፍ ስነግራቸው ከበሩ ሳይርቁ እንዲህ አሉ፦ «ሳንቲሙን ይዞ ይምጣ በይው። ጥርሴ አዲስ ነው፣ አልፈራም።»

እህትህ ጽዮን
አራዳ፣ ፒያሳ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.