ብር የሚበይዱት እናት

ወዳጄ፣ ዛሬ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራበት ፋብሪካ ገብቼ ነበር። ከምስር ፍሬ የምታንስ የብር ማዕድን ቁራጭ በመዳብ ጥብጣብ ላይ ይበይዳሉ፤ ማብሪያው ሲጫን መብራቱ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። ሃያ ዓመት የበየዱ አንዲት እናት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብሩ ከቦታው ሸሸባቸው።

«ልታሰናብተኝ ነው?» አሉት አለቃቸውን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እሱም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እጅዎ ቢደክም ዓይንዎ አልደከመም። ከዛሬ ጀምሮ የኛን ብየዳ እርስዎ ይዩልን» አላቸው። እሳቸውም ጓንታቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አንተም እጄ ከዳኝ ብለህ የጥገና ሱቅህን መዝጋትህ ትዝ አለኝ። ከጉዞዬ ስመለስ እንክፈተው፤ እኔ እበይዳለሁ፣ አንተ እንደ ልማድህ ትቆጣኛለህ። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ባለቤትህንም የሱቁን ቁልፍ ፈልጊ በላት።