ሰባ አንድ በመቶ ላይ የቆመው ክንድ

ጥር 6
ሥራ እንደ ወትሮው። አዲሱ የሕመምተኛ ማንሻ ክንድ ተሰጠኝ፤ መንቀሳቀስ ያቃተውን ሰው ከአልጋ የሚያነሳ ብረት። ኮምፒውተር ላይ ሸክም ጫንኩበት። ፕሮግራሙ ደጋግሞ እየገመተ ወደ አንድ መልስ መጠጋት ነበረበት... በገመተ ቁጥር ይርቃል። ከሸክሙ አሥራ ሁለት በመቶው ላይ «መልስ አልተገኘም» ብሎ ቆመ።

ጥር 7
ጥፋቱ የኔው ሆነ። ክንዱን የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳውን እንዲነካ አላዘዝኩትም፣ አየር ላይ ተንሳፍፏል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን ስራገም ዋልኩ... ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ? አስተካከልኩ። ሰባ አንድ ደረሰ። ቆመ።

ጥር 10
ሸክሙን በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። ሰባ አንድ። ኮምፒውተሩ ላይ ብረቱን ወደ ደቃቅ ክፍሎች ከፋፍዬ አሰላሁ። ሰባ አንድ።
ባለቤቴ እራት ላይ «ምነው ፊትሽ?» አለኝ። «አልረጋ አለኝ» አልኩት። ተነስቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን እርጎ አየ።

ጥር 12
ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆመ። «ዓርብ ደንበኞች ይመጣሉ። የስሌቱ ባለቀለም ሥዕል የታለ?»
«መልሱ አልረጋም።»
«ታዲያ ለምን አታባብይውም?»
ሥራውን ለባልደረባዬ ለ«ግዴለም» ሰጠው። እጁ ላይ የወደቀ ሁሉ ስለሚያልፍ ነው ስሙ የወጣለት። የሚፈቀደውን ስህተት መቶ እጥፍ አላላው፣ ስሌቱ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሥዕሉ ላይ ክንዱ ፍራሹን በስቶ ወለል ውስጥ ገብቷል።
«አረንጓዴ ነው፤ አልፏል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ደስ ብሎት። «ፈርሚ።»
አልፈረምኩም።
«ፈራሚ አይጠፋም።»
ከሥራ ቢያባርረኝስ?

ጥር 13
ኮምፒውተሩ እውነቱን እየነገረኝ ቢሆንስ? መጫኑን ትቼ ኮምፒውተሩ ላይ የክንዱን ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች ሳብኩ፣ ምን ያህል እንደሚሸከም አየሁ። የሚሸከመው ወጣ፣ ወጣ... ሰባ አንድ ላይ ቁልቁል ወረደ። የጎኑ ብረት ይታጠፋል። መልስ የጠፋው ተሸካሚ ስለሌለ ነው!
ናሙናውን ወደ ሠሩት በያጅ ሮጥኩ።
«ብረቱ ስስ ነው ብዬ ነበር» አሉ ጋሼ።
«ለማን?»
«ለጠየቀኝ።»
«ማን ጠየቀዎት?»
«ማንም።»
ነገ ደንበኞቹ ፊት ናሙናው ላይ አሸዋ እንዲሰቅሉ ለመንኳቸው። ሥራ አስኪያጁም አልከለከለም። አረንጓዴውን ያምናላ።

ጥር 14
ሙሉ ሸክሙ አሥር ከረጢት አሸዋ ነው። ስድስት... ሰባት... ስምንተኛው ላይ ጎኑ እንደ ካርቶን ታጠፈ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።
«የጠራናችሁ ይህንኑ ልናሳያችሁ ነው። ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር።»
ግዴለም አጨበጨበ።

ጥር 28
በያጁ እንዳሉት ብረቱ ወፈረ፣ ጎኑም ድጋፍ ተበየደለት። የሚፈቀደው ስህተት ምንም ሳይላላ ስሌቱ መቶ ደረሰ። አሥራ ሁለት ከረጢት አሸዋ ተሰቅሎበትም ክንዱ ንቅንቅ አላለም።
ንድፉ ላይ ከኔ ስም ጎን የሳቸው ስም ተጻፈ። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ለፊርማ ወሰድኩላቸው።
«ልጄ፣ ቢሰበር ማንን ነው የሚይዙት?»
«ሁለታችንንም።»
የሰጠኋቸውን ብዕር አስቀመጡ። መለኪያቸውን አንስተው፣ ከመፈረማቸው በፊት ዳግም ሊለኩት ወደ ክንዱ ተመለሱ። እኔም ተከተልኳቸው።