የዕድራችንን ጡሩንባ ስለተዋሱን

ለተከበሩ የአደጋ ዝግጁነት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ የአቃቂ ወንዝ እንደማይደርስብዎ ስለማውቅ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እኔ ሳህሌ እባላለሁ፤ ወንዙ ዳር ባለው መንደር የዕድር ጡሩንባ ነፊ ነኝ።

1ኛ. አምና ባወጡት ዕቅድ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው የእኔ ጡሩንባ እንዲሆን መወሰንዎን አደንቃለሁ። ለእኔ ደብዳቤ ደርሶኛል። ለነዋሪው ግን ወረዳው ክፍለ ከተማው ይነግራል ብሎ፣ ክፍለ ከተማው ኮሚቴው ይነግራል ብሎ፣ ኮሚቴዎ ደግሞ ሥራዬ ማስተባበር እንጂ መንገር አይደለም ብሎ፣ ሁላችሁም በየድርሻችሁ በትጋት ዝም አላችሁ። እኔም ነግረዋቸዋል ብዬ ዝም አልኩ።

2ኛ. ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው ሞልቶ ሲመጣ በታዘዝኩት መሠረት ወንዙ ዳር ቆሜ ነፋሁ። በእኛ ሰፈር ጡሩንባ ተነፋ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ማንም አልሸሸም፤ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ማን ነው የሞተው እያለ ቁልቁል ወደ እኔ ወረደ። ጮኼ ጮኼ አብዛኛውን መለስኩ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጡሩንባ ሲሰሙ ወንዙ ዳር ያለውን ዕቃ ቤት ከፍተው ድንኳን ማውጣት የሃያ ዓመት ሥራቸው ነው። ከፍተው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ስናገኛቸው ቁልፉ ጣታቸው ላይ ነበር።

3ኛ. በሰዓቱ በመንፋቴ ለሰጡኝ የምስክር ወረቀት እጅ እነሳለሁ። የወይዘሮ ብዙወርቅ ልጅ እምነት መንገድ ላይ አስቁማ እናቷን የጠራኋቸው እኔ እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ፣ ወረቀቱን ላሳያት አልደፈርኩም። አዎ ብቻ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሟች በነፋሁ ቁጥር እሳቸው ቁልፍ ይዘው ሲወርዱ አያለሁ፤ እፈራለሁ ክቡር ሰብሳቢ።

4ኛ. አሁን ጡሩንባ ሲሰማ ግማሹ ሰው ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል ይሮጣል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ላስረዳ ብጀምር ያልተቀናጀ መረጃ አሰራጨህ ተብዬ ታገድኩ። ክረምቱ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከየትኛውም ቢሮ ይሁን፣ ለጎርፉ የራሱ ደወል ይሰቀልለትና ጡሩንባዬን ለሟቾቼ ይመልሱልኝ።

እስኪያስተባብሩን ድረስ በሕይወት ለመቆየት የሚጥረው ትሑት ታዛዥዎ፣
ሳህሌ

ማሳሰቢያ፦ የዘንድሮው ዕቅድ ደርሶኛል። በጊዜያዊ መጠለያ ተጠሪነት የተመደቡት ወይዘሮ ብዙወርቅ ናቸው። የስብሰባ ጥሪያቸውንም እንዳደርስላቸው ከዕቅዱ ጋር ልከውልኛል፤ የት እንደማደርስላቸው በደብዳቤ ቢያሳውቁኝ።