ኤስ ቲ፣ አምስት ፊደል

ውድ ወንድሜ ሆሴዕ፣

ጌታ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ለመስቀል መጥታ የነበረችው የሰፈራችን ልጅ ዮርዳኖስ ናት፤ ወደ ደርባን ልትመለስ ነው። «በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ!» ብላ ስቃብኛለች። ምን ላድርግ? ስለ ሥራህ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ስናወራ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። «አባዬን ላቅርብልህ?» ያልኩህ እንደሆነ ግን ኔትወርኩ ወዲያው ይጠፋል። ወረቀት አይቋረጥም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

የእራት ጨዋታችንን አልረሳኸውም መቼም። አባዬ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና ክፍል እንደገባ ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ «ኤስ ቲ! አምስት ፊደል!» ይላል። በኤስ ቲ የሚጀምር፣ አምስት ፊደል ብቻ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይናገር እጁን ወደ ምግቡ የሚሰድ የለም። ሌላ ቀን ቢ አር ይሆናል፣ ሌላ ቀን ሲ ኤች። ሌላው ቤት እራት በጸሎት ይጀመራል፤ የእኛ ቤት በጸሎትና በእንግሊዝኛ። ተራውም አይዛነፍም፦ አባዬ፣ እማዬ፣ አንተ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። እሱ «ስቶን» ይላል። እማዬ «ስቶቭ» ትላለች፤ የምታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል እሱ ብቻ ስለነበር በሌሎቹ ፊደሎች ቀን በሀዲይኛ እንድትመልስ ተፈቅዶላት ነበር።

አንተ ጋ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ቀጥ ይላል። ጣሪያውን ታያለህ፣ ትቁነጠነጣለህ፣ በመጨረሻ «ስቱደንት!» ትላለህ። አባዬ በጣቱ ይቆጥርና «በዛ!» ይልሃል። የቡላና የቅቤው አተካና እየቀዘቀዘ እኔ በረሃብ «ይዘለል!» እያልኩ ስጮህ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነበር፦ «በእኔ ቤት ተራ አይዘለልም። ይጠበቃል።» ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበር፤ ደወል ቢደወል እንኳ መልሱ የጠፋውን ልጅ ሳያስጨርስ ክፍሉን አይለቅም። አንድ ቀን እማዬ ተራዋ ሲደርስ «ዛሬ ስቶቭን ለልጄ ሰጥቻለሁ» አለች። አባዬ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ ትዝ ይልሃል?

ኮሌጅ አቋርጠህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ መሆኑን የነገርከው ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ «ከሄድክ ድምፅህን እንዳልሰማ» አለህ። አንተም ቃሉን ጠበቅህ። የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ አባዬ ከዚያ ወዲህ ፊደል ሰጥቶን አያውቅም። ጸልየን ዝም ብለን እንበላ ነበር። እማዬም አልጠየቀችው፣ እኔም አልጠየቅኩት።

መታመሙን ታውቃለህ፤ ያለ አንተ መድኃኒቱን አንችለውም ነበር። ሕመሙ ንግግሩን እንዴት እንደወሰደበት ግን በደንብ አልነገርኩህም። የሆሳዕና ከተማን ግማሽ ሰው እንግሊዝኛ ያስተማረው መምህር ጠና፣ ውሃ ሲጠማው ብርጭቆ ማሳየት ጀመረ። የእማዬን ስም ፈልጎ ሲያጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስትሮክ ራሱ በኤስ ቲ ይጀምራል፤ ስድስት ፊደል ስለሆነ ግን አባዬ አይቀበለውም ነበር።

በክረምቱ አንድ እሑድ ከሞርሲቶ፣ ከማስተምርበት መጥቼ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሊጸልዩለት የመጡ ምእመናን ቤቱን ሞሉት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን እሱ እዚያው ተቀምጦ «ይሰማል እንዴ? ሰው ይለያል?» እያሉ እኛን ይጠይቁን ነበር። ሲወጡ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አገኘሁት። ድንገት ከአፌ የወጣው «አባዬ፣ ኤስ ቲ! አምስት ፊደል!» ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ታገለ። ልናገርለት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ሕጉ ትዝ አለኝና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። «ስ… ስቶን» አለ።

እማዬ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ምን አለ? ምን ፈለገ?»

«ስቶን አለ! ድንጋይ!»

«ድንጋይ ምን ያደርግለታል?» አለችና ወዲያው ገብቷት እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐኪሙ ሲሰማ በጣም ደስ አለው። የቃሉን መጀመሪያ ስንሰጠው ቀሪውን ራሱ ሊስበው ስለሚችል በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ እንድንሞክር ነገረን። አሁን «ው» ስለው «ውሃ» ይላል። በሀዲይኛው እማዬ ታለማምደዋለች። እንግሊዝኛው ቀድሞ መምጣቱ አናዷት «በስተርጅና ለባሌ አስተርጓሚ ልቀጥር ነው» እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም ይስቃል። አዎ ሆሴዕ፣ ይስቃል።

በመስቀል ማታ አተካናው ቀረበ፣ ጸለይን። አባዬ ማንም ሳያስጀምረው ግራ እጁን አነሳና «ኤስ… ቲ» አለ። ራሱ «ስቶን» አለ። እማዬ ጎረቤት እስኪሰማ «ስቶቭ!» አለች። እኔ «ስቶሪ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ፊደል የተሳሳትኩ መስሎኝ «ስታንድ» አልኩ። ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታ። ሌላ ልጨምር ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ሐዳሳ። ያንቺ ተራ አይደለም።»

ያኔ ወዴት እንደሚያይ ልብ አልኩ። በመስኮቱ በኩል ያለውን፣ ያንተን ቦታ ነበር የሚያየው።

«አባዬ፣ ሆሴዕ እኮ የለም። ደርባን ነው» አልኩት።

ግንባሩ በላብ ራሰ። የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ ማናችንም አልሰጠነውም። «ይጠበቃል» አለ፣ በጠራ አማርኛ።

እማዬ ምግብ ምን አጠፋ ብላ አስበላችን። ጨዋታው ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ቆሟል። ቢ አር ብለው፣ ሲ ኤች ብለው አይሰማኝም፤ ወደ መስኮቱ ያያል። ስንት ቃል አጠራቅሜ አፌን ዘግቼ መቀመጤ ነው።

ና አልልህም፣ የመኖሪያ ወረቀትህ ገና እንዳልተስተካከለ አውቃለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በእማዬ ስልክ ደውል። እኔ ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ይቅርታ አትጠይቅ፣ አታብራራ፣ ያደክመዋል። ቃልህን ብቻ በለው። ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቀው፤ መልሱ ይዘገይ ይሆናል፣ ግን ይመጣል። አንተም ስንት ጊዜ ተጠብቀሃል። «ስቱደንት» እንዳትል አደራ። ጭራሽ ከጠፋህ፣ እማዬ ስቶቭን ዛሬም ለልጄ እሰጣለሁ ብላለች።

ካንተ ቀጥላ ተራዋን የምትጠብቅ እህትህ፣
ሐዳሳ
ሆሳዕና