ዳኛ የሌለው ድንኳን

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፤

የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ? ያ ሳልህስ ተወህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባዬም ከትከሻው በቀር ደህና ነው፤ እሱን እነግርሃለሁ።

ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። ግማሹ ሰው ጀሞ፣ ግማሹ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። ስለዚህ ዕድራችን ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን ምን እናድርገው ብሎ ተሰበሰበ።

ሳልነግርህ፣ ትተኸው የሄድከውን የአናርኪዝም መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩት። እኔ እኮ መስኮት መስበር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሰው ያለ አዛዥና ታዛዥ ተስማምቶ ይኑር ነው። ስለ ንብረት ግን አናርኪስቶቹ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ስብሰባችንን ብታይ ትስቅ ነበር፤ መጽሐፍህ ነፍስ ዘርቶ ቁጭ ብሏል! እትዬ ሙሉነሽ ሁሉም የሁላችን ነው፣ የቸገረው ይውሰድ አሉ። አናጢው ጋሽ ተከስተ አግዳሚዎቹን በእጄ የሠራኋቸው እኔ ነኝ፣ የላቤ ናቸው ብለው ተቆጡ። ኦልጅራ ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው ይያዘው፣ ያከራየው ቀን ግን ይነጠቅ አለ።

አባዬ የዕድሩ ዳኛ ነውና ጠረጴዛ እየደበደበ ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ሥርዓት አለ። የሰማው የለም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አንጀቴን በላው። ግን አልዋሽህም፣ ስላንተ ደስም አለኝ። ድንኳን በፈቃዴ እንጂ በትእዛዝ አልሸከምም ስላልከው በሰው ፊት ከዕድሩ መዝገብ የሰረዘህን ቀን አልረሳሁም። አንተም አባቴ ነው ብለህ አንድ ቀን ዝቅ አላልክም። ስድስት ዓመት! ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ መሐል ቤት የምቃጠለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የኦልጅራ እናት አረፉ። ጥሩምባ ንፋ ያለ የለም፣ ስም የጠራም የለም። እኔ ስወጣ ግን ሰው ሁሉ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ደርሷል። ዳኛ ከሆነ ጀምሮ ቆሞ ከማዘዝ በቀር አንድ እንጨት አንሥቶ የማያውቀው አባዬ መጣና፣ አንተ ትይዘው በነበረው በኩል ገብቶ የድንኳኑን ምሰሶ ተሸከመ። በሰባ ሁለት ዓመቱ! ተው ብንለው፣ ማንም አላዘዘኝም አለን።

ትከሻው አብጧል። ዛሬ ጠዋት በቅባት ሳሸው ለልጁ ጻፊለት አለኝ። ምን ብዬ አልኩት። ስለ ድንኳኑ ንገሪው፣ ቤቱ የሚፈርሰው ከገና በኋላ መሆኑንም ንገሪው፤ ና ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፣ ትእዛዝ አይወድም አለኝ።

እኔም አልጻፍኩም። ቅዱስ ቂርቆስ ባለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ።

ታናሽ እህትህ